ጎማ አልዘልም ያለ ዕለት

የጎማ እናት የሰዋስው አስተማሪ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ልጆች የፈተና ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም «አልፏል»፣ «ወድቋል» ሲሉ ኖረው፣ የራሳቸው ልጅ አንዴ አይደለም ሁለቴ ወድቆ ሲመጣባቸው አልጮኹም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣

«እሺ፣ አሁን ምን ልትሆን አሰብክ?» ብለው ጠየቁት።

«ፊልም ላይ ልወድቅ ነው» አላቸው።

«ምን?»

«ፊልም ላይ፣ እማዬ። ይመቱኛል፣ እኔ እወድቃለሁ። ለዚያ ይከፍሉኛል።»

እናትየው ትክ ብለው አዩት። «እስከዛሬ በነጻ ነበር ስትወድቅ የኖርከው ማለት ነው» አሉና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ምርቃትም እርግማንም አልጨመሩበትም።

ጎማ የሚለውን ስም ያወጡለት የካራቴ አዳራሹ ጓደኞቹ ናቸው። ቢጥሉት፣ ቢያሽቀነጥሩት፣ ነጥሮ ይነሳ ነበር። ማስተሩ አጥንታቸው የወጣ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሌላውን አመታት ሲያስተምሩ እሱን ለብቻው ጥግ ወስደው አወዳደቅ ያስተምሩት ነበር። «መምታትማ ማንም ይመታል» ይሉታል። «ወድቆ አናቱን የሚያተርፍ ግን ስንት አለ? አገጭህን ደረትህ ላይ ለጥፍ። ትንፋሽህን አስወጣ። መሬት ጠላትህ አይደለም፣ ክንድህን ዘርግተህ ተቀበለው።» ጎማ ይኼን ምክር እንደ ጸሎት ያዘው።

በመጀመሪያው ፊልሙ ሰባት ጊዜ ሞተ። አንዴ በጺም፣ አንዴ ያለ ጺም፣ አንዴ ኮፍያ አጥልቆ፣ አንዴ አንድ ዓይኑን በጨርቅ አስሮ። አራተኛው ሟች የሦስተኛውን ሟች ደም ሊመልስ የመጣ ወንድም ነበር፤ ገዳይ ሲቀር ቤተሰቡ በሙሉ እሱ ነው። ዳይሬክተሩ ሥራውን ወደደለት። «እንዲህ አድርጎ የሚሞትልኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም» አለና ለሚቀጥለውም ጠራው።

ከአሥር ዓመት በላይ እንዲህ ሲሞት ከረመ፤ ከዚያ ኮከቡ መጣ። ቁመቱ ልክ የጎማ ቁመት፣ ትከሻው ልክ የጎማ ትከሻ፣ ፈገግታው ግን የራሱ ብቻ። መልክ የተሰጠው ሰው ነበር፤ እግሩ ብቻ ከወገብ በላይ እምቢ ይላል። ስለዚህ ኮከቡ ያፈጣል፣ ይፎክራል፣ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ከዚያ ካሜራው ይቆምና ያው ጃኬት ጎማ ላይ ይገባል። ጎማ ይማታል፣ ይደበደባል፣ መስታወት ጥሶ ይወጣል፣ ከመኪና ይወረወራል። ካሜራው እንደገና ሲነሳ ኮከቡ ከመሬት ብድግ ብሎ አቧራውን ያራግፋል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ፊቱ እንዳይታይ። አገጩ ትንሽ ዞር ካለ ዳይሬክተሩ «ፊትህን!» ብሎ ይጮሃል፣ ሥራውም ከአንድ ይጀመራል። ጎማ ቀስ በቀስ በክንዱ መሸፈን፣ በጸጉሩ መከለል፣ አየር ላይ ሆኖ እንኳ ጀርባውን መስጠት ለመደ። ልማዱ ቤቱ ድረስ ተከተለው። ለመታወቂያ ፎቶ ሲነሳ ፎቶ አንሺው «ኧረ ወዲህ ዙር፣ ወንድም! የምፈልገው ጆሮህን አይደለም» እያለ ለምኖታል። እናቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሲኒማ ገቡ። ሲወጡ፣ «ልጄን አያለሁ ብዬ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ የሰው ልጅ አየሁ» ብለው ሁለተኛ አልተመለሱም።

በእነዚያ ዓመታት የትከሻው አጥንት ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ የግራ እጁ ሦስት ጣቶች አልታጠፍ አሉ፤ የግራ ጉልበቱም ደረጃ ሲያይ ማጉረምረም ጀመረ። ጎማ ግን ሥራውን አልጠላም። እውነት ለመናገር ይወደው ነበር። ከጣሪያ ጫፍ እግሩ ሲለቅ እስከ መሬት ባለችው ቅጽበት ውስጥ ማንም የማያዘው ሰው ይሆናል።

ያ ዕለት የመጣው አርባ አራት ዓመት ሲሞላው ነው።

ቦታው ግንባታው ያላለቀ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነበር፤ ግድግዳው ያልተለሰነ፣ መስኮቱ ያልተገጠመ። ኮከቡ ከአራተኛው ፎቅ ጫፍ በእርግጫ ተመቶ ሊወድቅ ነው፤ ማለትም ጎማ ሊወድቅ ነው። እንዲህ ላለው አወዳደቅ ባዶ ካርቶን ይደረደራል። ካርቶኑ ሲጨፈለቅ የሰውየውን ክብደት ይውጣል፤ ከላዩ ስፖንጅ ይነጠፋል፣ ሁሉም በሸራ ተጠፍንጎ ይታሰራል። ጎማ ፀሐይ ሞቅ ሲል መጥቶ፣ ከሌሎቹ ወዳቂዎች ጋር አራት ድርብ ካርቶን በገዛ እጁ ደረደረ። እያንዳንዱን ካርቶን ጠርዙን ተጭኖ ፈተነ፤ የረጠበውን ጣለ። ከዚያ ጃኬቱን ለብሶ ወደ አራተኛው ፎቅ ወጣ።

ዳይሬክተሩ በካሜራው አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ክምሩ ይታያል» አለ። «ከሥር ሁለቱን ድርብ አውጡ።»

«ካሜራውን ከፍ አድርጉት» አለ ጎማ ከላይ ሆኖ። «ካርቶኑ አይነካም።»

ዳይሬክተሩ የድምፅ ማጉያውን አነሳ። «ጎማ፣ አንተ ዝለል፤ ካሜራውን ለኔ ተወው።»

«አንተም ካርቶኑን ለኔ ተውልኝና ተፋቅረን እንኑር።»

ከታች ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ዳይሬክተሩ አልሳቀም። ቦታው በቀን ኪራይ የተያዘ ነበር፤ መንገዱ ተዘግቷል፣ ፀሐይዋም አትጠብቅም። «ፈራህ እንዴ?» አለ በማጉያው፣ መንገድ ዳር የቆመው ተመልካች ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ።

«አዎ፣ ፈርቻለሁ» አለ ጎማ ያለ ማጉያ፣ እሱም እንዲሰማ አድርጎ። «ከሃያ ዓመት በላይ በሕይወት የቆየሁት ስለምፈራ ነው። ካርቶኑ ካልተሟላ አልዘልም።»

«ያለ አንተ ሰው የለም ብለህ ነው?» ዳይሬክተሩ ዞረና አጭሩን ጠራ።

አጭሩ ከጎማ ጋር በአንድ አዳራሽ ያደገ ወዳቂ ነው፤ ስሙን ለቀልድ አወጡለት እንጂ ቁመቱ ከጎማ እኩል ነው። ሚስቱ ስምንት ወሯ ነበር፤ ከሥራ ከራቀም ከርሟል። አንገቱን ደፍቶ ደረጃውን ወጣ፣ ከጎማ ላይ ጃኬቱን ተቀበለ። ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሳም።

«አትዝለል» አለው ጎማ ቀስ ብሎ።

«ልጅ ሊወለድልኝ ነው፣ ወንድሜ።»

«እኮ፣ ለዚያ ነው አትዝለል የምልህ።»

አጭሩ ጃኬቱን ለበሰ። ከታች ሰዎቹ ሸራውን ፈትተው ካርቶን መጎተት ጀምረዋል። ጎማ እዚያ ላይ ሆኖ አሰበ። ወደ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር። እምቢታውን ተናግሯል፣ ነፍሱን አትርፏል፣ የቀረው የሌላ ሰው ጣጣ ነው። ከመሞት መሰንበት ብሎ መንገዱን ቢቀጥል የሚወቅሰው አልነበረም።

ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ጉልበቱ በእያንዳንዱ ደረጃ ሰደበው። ታች ደርሶ ግን ወደ መንገዱ አልታጠፈም፤ የተቀነሰው ካርቶን ክምር ላይ ወጣ፣ ሸራው ላይ በጉልበቱ እየዳኸ መሐሉ ደረሰ፣ ከዚያ እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ በጀርባው ተንጋለለ። ከአራተኛው ፎቅ ላይ አጭሩ አፉን ከፍቶ ቁልቁል ያየዋል።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ተኝቻለሁ።»

«ተነስ!»

«አልነሳም። አጭሩ ከዘለለ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው። የጎደለውን ሁለት ድርብ እኔ እተካለሁ።»

ጥበቃዎች ተጠሩ። ሁለት ግዙፍ ሰዎች ሸራው ላይ ሲወጡ ካርቶኑ ከሥራቸው ከዳቸውና አንዱ እስከ ብብቱ ሰመጠ፤ ሊያወጣው የተጎነበሰው ሁለተኛው ደግሞ በአፍንጫው ተደፋ። «አገጭህን ደረትህ ላይ!» ብሎ ከወዳቂዎቹ አንዱ ጮኸ። መንገድ ዳር ያለው ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ። በሳቁ መሐል ከወዳቂዎቹ አንዱ መጥቶ ሸራው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሌላው። ማንም ንግግር አላደረገም። ዘጠኝ ሰዎች ጃኬታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አውቶቡስ የሚጠብቁ ይመስል ተቀመጡ። አጭሩም ጃኬቱን አውልቆ ወረደና ከጎማ እግር ሥር ቁጭ አለ። ጉንጩ ረጥቦ ነበር፤ ጎማ ግን ላብ ነው ብሎ አለፈው።

ፀሐይ ከሕንፃው ጀርባ ገባች። ዳይሬክተሩ ኮፍያውን መሬት ላይ ወርውሮ ሄደ።

በማግስቱ አራቱ ድርብ ካርቶን ተሟልቶ ተደረደረ፤ ካሜራው አንድ ክንድ ከፍ አለ፤ አጭሩ ዘለለ። በአራት ድርብ እንኳ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ሁለት ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠው እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ጎማ ግን ያንን አላየም፤ ከበሩ እንዳይገባ ስሙ ለዘበኛው ተሰጥቶ ነበር።

እናቱ ቤት ሄዶ ነገራቸው። «ተባረርኩ» አላቸው።

«ምን አድርገህ?»

ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰሙት። ሲጨርስ ጣታቸውን እንደ ጠመኔ አነሱ። «እንግዲያው ተባረርኩ አትበል። ግሡን አስተካክል። ተባረርኩ ስትል አድራጊዎቹ እነሱ ናቸው፣ አንተ ተደራጊ ነህ። አልዘልም ያልከው ማነው?»

«እኔ።»

«በል ድገመው።»

«አልዘልም አልኩ።»

«አሁን ልክ ነው» አሉና ሻይ ቀዱለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎማ ለጠየቀው ሁሉ የሚመልሰው እንደዚያው ነበር።

ስልኩ ግን ዝም አለ። ለሌሎች ፊልም ሠሪዎች «ሰው የሚያሳምፅ ነው» የሚል ወሬ ደርሷቸዋል፤ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ድሮም ፊት አልነበረውም፤ አሁን ደግሞ ፊት ነሱት። አንድ የቤት ዕቃ መደብር ተቀጠረና ሶፋና ቁምሳጥን በጀርባው ወደ ሰው ፎቅ ማውጣት ያዘ። ጠዋት ጠዋት ግን ሥራ ከመግባቱ በፊት አዳራሹን ከፍቶ ከጓደኞቹ ጋር መውደቁን አላቋረጠም።

በአራተኛው ወር ኮከቡ በቴሌቪዥን ቀረበ። ጠያቂዋ ስለዚያ ከአራተኛ ፎቅ ስለወደቀው ሰው አነሳችበት። «እኔው ራሴ ነኝ የዘለልኩት» አለ ኮከቡ ፈገግ ብሎ። «ፍርሃት የሚባል ነገር አላውቅም።»

«በአንድ ትንፋሽ ሁለት ውሸት» አሉ እናቱ ከወንበራቸው፣ ፈተና እንደሚያርሙ ሁሉ።

ጎማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ ግን መቀመጥ አልቻለም። ተነስቶ ወጣና፣ ማንም የማያውቀው ሰው ሆኖ፣ የኮከቡ ትልቅ ፎቶ በተለጠፈበት መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ሄደ። አንገቱን ግን አልደፋም።

ዓመት ከሁለት ወር እንዳለፈ፣ መደብሩ በር ላይ ቁምሳጥን ተሸክሞ ሳለ አንዲት ሴት ከፊቱ ቆመች። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ከሲታ፣ ዓይኖቿ ሥር የጠቆረ።

«አንተ አታውቀኝም» አለችው። «እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፊትህን ስቆርጥ ኖሬያለሁ።»

ጎማ ቁምሳጥኑን አወረደ። «ምን አድርጌዎት?»

«አንቱታውን ተወውና ስማኝ። የነዚያ ፊልሞች ኤዲተር ነበርኩ። አፍንጫህ ብቅ ባለ ቁጥር ቆርጬ የምጥለው እኔ ነኝ። ስትመታ፣ ስትወድቅ፣ ልትነሳ ስትል ፊትህ ላይ የሚመጣ ነገር አለ፤ ያንን ኮከቡ ፊት ላይ አንድም ቀን አላገኘሁትም። የዳቦውን ልብ እየጣልኩ ቅርፊቱን ለሰው ሳቀርብ ነው የከረምኩት። አሁን የራሴን ፊልም ልሠራ ነው። ስለ አንድ የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ በወጣትነቱ ካራቴ የተማረ። ሌቦች ይመጡበታል። ተደብድቦ ይወድቃል፣ ይነሳል። ዘበኛው አንተ ነህ።»

ጎማ ላቡን ጠረገ። ለመመለስ አልቸኮለም። «ካርቶኑን የሚቆጥረው ማነው?»

«አንተ።»

«አልዘልም ያለ ሰውስ?»

«አይዘልም። ነገ ተመልሶ ይመጣል።»

«የሚወድቁት ሰዎች ስም?»

«በፊልሙ ላይ ይጻፋል። የሁሉም።»

«እንግዲያው ይቺን ቁምሳጥን ሦስተኛ ፎቅ ላድርስና እመጣለሁ» አላት።

ወሬው እግር አለው፤ የድሮው ዳይሬክተር ጆሮ ደረሰ። ከእሷ ጋር የሠራ ወዳቂ ሁለተኛ የእኔን ደጅ እንዳይረግጥ ብሎ አስነገረ። ከአሥሩ ጓደኞቹ ስድስቱ መጡ፤ አራቱ ቀሩ። ጎማ የቀሩትን አላማቸውም፤ የቤቱን ቀዳዳ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው አለ። መጀመሪያ የደረሰው አጭሩ ነበር፣ በኪሱ የሴት ልጁን ፎቶ ይዞ።

ሥራው እንደታሰበው አልሄደም። ጎማ በብረቱ ደረጃ ተንከባልሎ ይወርዳል፤ አወራረዱ እንከን የለውም፤ መጨረሻው ላይ ግን ቀና ማለት ሲገባው ፊቱ ሳያዘው ወደ ግድግዳው ይዞራል።

«ፊትህን!» ትላለች ኤዲተሯ። ያቺ ቃል ስትጠራ ገላው በለመደው ይሄዳል፤ ጭራሽ በክንዱ ይሸፈናል። አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ጊዜ ወደቀ። ጉልበቱ አብጦ ሱሪው ጠበበው።

«ይቅርብን» አላት ደረጃው ሥር ተቀምጦ። «ለምዶብኛል። እኔ የጀርባ ሰው ነኝ።»

እሷም መሬት ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። «በዚያ ቀን እዚያ ነበርኩ» አለችው። «ሸራው ላይ በጀርባህ ተኝተህ ሳለ ከካሜራው አጠገብ ቆሜ ነበር። አራት ፎቅ ወደ ላይ ስታይ ማንም ፊትህን አልሸፈነውም። ያኔ ማን አዘዘህ?»

ጎማ ያበጠውን ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ተነሳ፤ ደረጃውን አንድ በአንድ፣ የብረት እጀታውን ይዞ ወጣ።

ለሰባተኛ ጊዜ ወደቀ። ትንፋሹን አስወጣ፣ ብረቱን በክንዱ ተቀበለ፣ ታች ደርሶ ተዘረጋ። ፊቱ ወደ ግድግዳው መሄድ ሲጀምር ጥርሱን ነክሶ መለሰው። በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ። ከንፈሩ በእውነት ተሰንጥቆ ደም ይወርዳል። ዓይኑን ካሜራው ላይ ተከለና አላነሳም። ፊቱ ላይ ፉከራ አልነበረም። ፍርሃት ነበር፣ ድካም ነበር፣ ከሁለቱም በላይ ግን «ኑ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ታመጣላችሁ?» የሚል ነገር ነበር። ኤዲተሯ ቁም ማለቱን ረሳችው። ካሜራ ያዡ ነው በመጨረሻ «ይበቃል መሰለኝ» ያለው።

ፊልሙ በሁለት ሲኒማ ቤቶች ታየ። የመጀመሪያው ሳምንት ወንበሩ ባዶ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ያየው ላላየው ነገረ፤ ሦስተኛው ላይ ወረፋ ሆነ። ሀብታም ያደረገው ሰው የለም። ግን መጨረሻ ላይ የወዳቂዎቹ ስም አንድ በአንድ በነጭ ፊደል ሲወጣ ቤተሰቦቻቸው መውጫው ላይ ቆመው መንገድ ዘጉ፤ የአጭሩ ሚስት ሕፃኗን ወደ ላይ አንስታ «ያውልሽ አባትሽ!» አለች። የጎማ እናት እስከ መጨረሻው መስመር ተቀምጠው አነበቡ። «ሁለት የፊደል ስህተት አለው» አሉ ሲወጡ። ከዚያ የልጃቸውን ክንድ ይዘው መንገዱን ሁሉ አልለቀቁትም።

ጥቂት ቆይቶ የድሮው ዳይሬክተር ደወለ። «ጎማዬ፣ ያለፈው አልፏል። ትልቅ ሥራ አለኝ፤ ከባቡር ላይ መዝለል ነው። ያላንተ አይሆንም።»

ጎማ ለኤዲተሯ ያነሳቸውን ሦስት ነገሮች ነገረው።

«የካርቶኑን እሺ» አለ ዳይሬክተሩ። «አልዘልም ያለውንም እንነጋገርበታለን። የስሙን ነገር ግን ተወው፤ ኮከቡ አይወድም።»

«እንግዲያው ራሱ ይዝለላ። ፍርሃት አያውቅም አይደል?» አለና ዘጋው።

ጎማ ሦስቱን ነገር በወረቀት ጽፎ አዳራሹ በር ላይ ለጠፈ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ቀደደው። ሌላ ለጠፈ፤ እሱም ተቀደደ። ማን እንደቀደደው ለማወቅ አልደከመም። ከቀለም ቤት አንድ ቆርቆሮ ጥቁር የዘይት ቀለምና ሰፊ ብሩሽ ገዛ፤ እኩለ ቀን ላይ መሰላሉን መንገድ በሚያየው ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወጣ። አጭሩ መሰላሉን ከሥር ያዘ።

«ካርቶኑን የሚቆጥረው የሚዘለው ሰው ነው» ብሎ ጻፈ። ፊደሉ የሰው ክንድ ያህላል። «አልዘልም ያለ ከሥራ አይወጣም።»

አንድ መኪና መጥቶ ቆመ። ጥቁር መነጽር ያደረገ ፊልም ሠሪ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የተጻፈውን አነበበ፣ ጎማን አየ፣ እንደገና አነበበ። ጎማ መሰላሉ ላይ ሆኖ ሙሉ ፊቱን ሰጠው፤ ሰውየው የሚለው ካለ ለመስማት ትንሽ ጠበቀ። ሰውየው መስኮቱን መልሶ ከፍ አደረገ። ጎማ ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረና ሦስተኛውን መስመር ጀመረ።